ሁለት ትምህርት ቤት ላወዳድር ተነስቼ የ9ኛው መዝገብ አስቆመኝ

መምህርቷ_ከሐይቅ
ጥቅምት 9፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን ከረማችሁ?

ሐይቅ አካባቢ ሒሳብ አስተምራለሁ። ማስተርሴን በክረምት ነው የምማረው፤ አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ደርሻለሁ። ርዕሴ ቀላል ነበር። ደቡብ ወሎ ውስጥ ያሉ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በ12ኛ ክፍል ውጤት ማወዳደር። አንዱ ደሴ ከተማ፣ አንዱ ገጠር። የሁለቱን አማካይ ወስጄ፣ ቲ ቴስት (የሁለት አማካይ ልዩነት በዕጣ የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሽ ስሌት) ሠርቼ፣ "ልዩነት አለ" ወይም "የለም" ብዬ ልጨርስ ነበር። አማካሪዬም ተቀብሎልኛል።

የገጠሩ ትምህርት ቤት የ12ኛን ውጤት ልወስድ ስሄድ የመዝገብ ቤቷ ልጅ "የእነዚህን ልጆች የ9ኛ ሮስተርስ አትወስጂም?" አለችኝ። በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። ካለ ስጪኝ ብዬ ወሰድኩት። በ2014 ዘጠነኛ የገቡ ልጆች ናቸው በ2017 የተፈተኑት። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ስም በስም ማየት ጀመርኩ። ደነገጥኩ። ጣቴ የ9ኛውን ገጽ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ በ12ኛው ላይ የሚገኘው ስም ጥቂት ነው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ትምህርት ቤቱ ሊታወቅ ይችላል።

2014ን የወሎ ሰው አይረሳውም። መስከረም ላይ ልጆቹ ተመዘገቡ። ደሴ ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎ በተፈናቀለ ሰው ሞልተው ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ታህሳስ ላይ ስንመለስ ወንበርም፣ መጽሐፍም፣ ጥቁር ሰሌዳም የጠፋበት ትምህርት ቤት ነበር። መዝገቡ የተረፈለት ትልቅ ነገር ተርፎለታል። እነዚህ ልጆች 9ኛን የጀመሩት በዚያ ዓመት ነው።

ጥያቄዬ ይኸው። የገጠሩ አማካይ ከከተማው ብዙም አያንስም። ታዲያ "ልዩነት የለም" ብዬ ልጻፍ? አማካዩ የእነማን ነው? ወረቀቱ ላይ የሌሉትን ምን ላድርጋቸው?

—

ጦሳ_ስር
ጥቅምት 9፣ 2018

እህቴ፣ ሥራሽን አታብዢው። ርዕስሽ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። የተፈተነ ይለካል፣ ያልተፈተነ አይለካም። ያቋረጠ ልጅ ሌላ ጥናት ነው፤ ለሌላ ሰው ይተውለት። እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። ጥሩ ትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ያመጣል፤ ወላጅም ልጁን የሚያስገባው ውጤቱን አይቶ ነው። ዩኒቨርሲቲም ሆነ ቀጣሪ "ከአንተ ጋር ስንት ሰው ጀመረ?" ብሎ አይጠይቅም።

—

ቁጥር_ወዳድ
ጥቅምት 10፣ 2018

ወልድያ ነው ያለሁት፤ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። እህትዓለም፣ የቆምሽበት ቦታ ትክክል ነው፤ እንዳትለቂው።

መጀመሪያ ለወንድሜ ለጦሳ ስር በምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሩ ለማስረጃ አይሆንም፤ ለማሳያ ብቻ ነው። ሁለት ትምህርት ቤት እንበል። ሁለቱም 9ኛ ክፍል 100 ልጅ ተቀበሉ። አንደኛው ጋ 12ኛ ደርሰው የተፈተኑት 40 ናቸው፤ 10 አለፉ። ሁለተኛው ጋ 80 ተፈተኑ፤ 16 አለፉ። ከተፈታኝ ካየነው አንደኛው 25 በመቶ፣ ሁለተኛው 20 በመቶ ነው። ባነር የሚሰቅለው አንደኛው ነው። ከጀማሪ ካየነው ግን አንደኛው 10፣ ሁለተኛው 16 ነው። ልጅህን የምታስገባው የቱ ጋ ነው?

ላዕልና ታህት ብለን ለሕፃናት የምናስተምረው ነገር ነው። ክፍልፋይ በሁለት መንገድ ያድጋል። ላዕሉ ሲጨምር ወይም ታህቱ ሲቀንስ። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሁለቱም "መሻሻል" ይባላሉ።

አሁን ወደ እውነተኛው ቁጥር ልምጣ። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያሳወቀውን ውሰዱ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 29,909 ነበር፤ 3.3 በመቶ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ያኔ ነው። በ2015 ደግሞ 845,188 ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ 3.2። በ2016 674,823 ተፈትነው 36,409 አለፉ፤ 5.4። በ2017 585,882 ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ።

ሁላችንም 3.3 እና 8.4 ላይ ነው የምናፈጠው። ታህቱን እዩት እስቲ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ310 ሺህ በላይ ሰው ከታህቱ ቀንሷል። የቀነሰው ሁሉ ያቋረጠ ነው አልልም፤ ግጭትም፣ መድገምም፣ የክፍሉ መጠን ከዓመት ዓመት መለያየትም አለ። ግን የ2017ን አላፊዎች ወስደን በ2014 ተፈታኞች ቁጥር ብናካፍላቸው 5.5 በመቶ ነው የሚመጣው። ከ3.3 ወደ 8.4 ከተወጣው መንገድ ከግማሽ በላዩ ታህቱ በመቀነሱ የመጣ ነው ማለት ነው። ቀሪው ላዕሉ በመጨመሩ ነው፤ አላፊዎቹ በራስ ቆጠራም ወደ 19 ሺህ ጨምረዋል። ያንን መካድ አያስፈልግም። ሁለቱን መለየት ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ልጨምር። የዘንድሮ 50 እና የአምና 50 አንድ ዓይነት ክብደት አላቸው ብሎ ለመናገር ሁለቱ ፈተናዎች በአንድ ሚዛን መታሰር አለባቸው። ካልታሰሩ ከዓመት ዓመት ማወዳደር በሁለት የተለያየ ስፍር እህል እንደ መስፈር ነው። ስለዚህ መምህርት፣ ሁለት ዓመት አታወዳድሪ። አንድ ዓመት፣ አንድ ፈተና፣ ሁለት ትምህርት ቤት ያዢ።

—

መምህርቷ_ከሐይቅ
ጥቅምት 10፣ 2018

እግዜር ይስጥልኝ። ላዕልና ታህትን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ ችግር ነው ወይስ ሌላም ቦታ ያጋጥማል? አማካሪዬ "ጽሑፍ አምጪ" ማለቱ አይቀርም።

—

ቁጥር_ወዳድ
ጥቅምት 10፣ 2018

ሌላም ቦታ ሞልቷል። ለአማካሪሽ ሦስቱ ይበቁሻል።

አሜሪካኖች ለኮሌጅ መግቢያ ኤስ ኤ ቲ የሚባል ፈተና አላቸው። ክልሎቻቸውን በአማካይ ውጤት ደርድረው ያውቃሉ። ከላይ የሚወጡት ብዙ ጊዜ ፈተናውን የሚወስደው ልጅ በጣም ጥቂት የሆነባቸው ክልሎች ናቸው። እዚያ የሚፈተነው ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ያሰበ ጎበዙ ብቻ ነው። ሁሉም ልጅ የሚፈተንበት ክልል ከታች ይገኛል። ደረጃው በከፊል የሚለካው ማን እንደተፈተነ ነው።

ሁለተኛው ቬትናም ናት። ፒሳ የሚባለውን የ15 ዓመት ልጆች ዓለም አቀፍ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። በሒሳብ 511 አመጣች። አሜሪካ 481 ነበረች። ዓለም ተገረመ። ቆይተው ሲያዩት ግን ፈተናው የሚወክለው ከቬትናም የ15 ዓመት ልጆች 56 በመቶ ገደማውን ብቻ ነበር። የቀሩት ወይ ትምህርት ቤት የሉም፣ ወይ ከዕድሜያቸው በጣም ወደ ኋላ ቀርተዋል። ይህ ማለት ቬትናሞች ጎበዝ አይደሉም ማለት አይደለም። የገቡትን ልጆች በደንብ ያስተምራሉ። ብቻ 511 የሚለው ቁጥር የሁሉም ልጅ ቁጥር አይደለም።

ሦስተኛው የእኛም አገር ያለበት ነው። ያንግ ላይቭስ ይባላል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በህንድ፣ በፔሩና በቬትናም ያሉ ልጆችን ይከታተላል። እኛ ጋ በ20 ቦታዎች 3,000 ገደማ ልጆች ናቸው፤ አማራ ክልልም አለበት። ዋናው ነገሩ ልጁን የሚፈልገው ቤቱ ሄዶ ነው። ልጁ ትምህርት ቢተውም ከጥናቱ አይወጣም፤ እዚያው ቤቱ ይጠየቃል፣ ይፈተናል። አንቺ ያን ያህል ገንዘብ የለሽም። ሐሳቡን ግን መውሰድ ትችያለሽ። ዝርዝሩን ከመጨረሻው አትጀምሪ፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ።

—

ርዕሰ_መምህር_ነበርኩ
ጥቅምት 11፣ 2018

ልጆቼ፣ ስታወሩ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወረኢሉ አካባቢ ለረጅም ዓመት ርዕሰ መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

የማውቀውን ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት በየስብሰባው "ስንት አሳለፍክ?" የሚባል ጥያቄ መጣ። "ስንት ተቀበልክ? ስንቱን አቆየህ?" የሚለኝ አልነበረም። ከዚያ ትምህርት ቤቶች ምን ማድረግ ጀመሩ? ደካማውን ልጅ 11ኛ ላይ ጠርተው መልቀቂያ ሰጡት። "ሙያ ብትማር ይሻልሃል" ይሉታል። አባቱን ጠርተው በደግ ቃል ያሳምኑታል። ልጁ ሌላ ቦታ ይግባ ወይም ማሳ ይግባ የሚከታተለው የለም። በዓመቱ ያ ትምህርት ቤት ሽልማት ወሰደ። እኔ ሽልማቱን ሲቀበሉ አጨብጭቤአለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

የኔ ትምህርት ቤት ትንሽ ነበረች። አንድ ዓመት ሁለት ጎበዝ ልጅ ከመጣ ወረዳውን እንመራለን፤ በሚቀጥለው ዓመት ከታች እንገኛለን። መምህሩ ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ተመስግኜ፣ በሁለተኛው ተወቅሼ አውቃለሁ። ሁለቱንም አልሠራሁትም።

—

ቁጥር_ወዳድ
ጥቅምት 11፣ 2018

ጋሼ፣ ያጫወቱን ነገር ሁለቱም በጥናት የታወቀ ነው። ዶናልድ ካምቤል የሚባል አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1976 ያለው ይህንኑ ነው። አንድ ቁጥር ለሹመትና ለሽልማት መለኪያ በሆነ መጠን ሰው ቁጥሩን ማበላሸት ይጀምራል፤ ቁጥሩ ይለካዋል የተባለው ሥራም አብሮ ይበላሻል። የትናንሾቹን ትምህርት ቤቶች መዋዠቅ ደግሞ ኬንና ስታይገር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይተውታል። ተማሪ ሲያንስ የአማካዩ ውጤት ከዓመት ዓመት በዕጣ ብቻ ይዘልላል። ለዚህ ነው ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ከደረጃው ጫፍና ጫፍ፣ ከላይም ከታችም የሚበዙት።

መምህርት፣ የገጠሩ ትምህርት ቤት ተፈታኝ ጥቂት ከሆነ የሦስት ዓመት ተፈታኞችን አንድ ላይ ሰብስቢ፤ ግን እያንዳንዱን በየራሱ ዓመት ለኪው።

—

ጦሳ_ስር
ጥቅምት 11፣ 2018

እሺ፣ ታህቱ ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የሚያቋርጠው ደካማው ነው ካላችሁ ልጁ ቢቆይም አያልፍም ነበር። ስለዚህ ከጀማሪ አስላው ከተፈታኝ፣ የላዕሉ ቁጥር ያው ነው። ማን ተጎዳ?

—

እናት_ከኮምቦልቻ
ጥቅምት 12፣ 2018

ልጄ፣ ጽሑፍ ብዙ አልችልም። ይህን የምታስጽፈኝ ታናሽዋ ናት።

ትልቋ ልጄ በ2014 ነው 9ኛ የገባችው። 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትወስድ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ጥቅምት ላይ ሸሽተን ደብረ ብርሃን ገባን። ስንመለስ ቤታችን ተዘርፏል። አባቷ ሥራው ቆመ። እኔ ሰው ቤት እንጀራ እየጋገርኩ፣ እሷ ትንንሾቹን ትይዝልኝ ነበር። 10ኛ ላይ አንድ ቀን ትሄዳለች፣ ሦስት ቀን ትቀራለች። በመጨረሻ ራሷ "እማ ይቅርብኝ" አለችኝ። እኔ ይቅርብሽ አላልኳትም። አትቅሪም ግን አላልኳትም። አሁን ሳዑዲ ናት። በየወሩ ትልካለች። የምትልከው ለዚችኛዋ ደብተርና ዩኒፎርም ይሆናል።

ደካማ አልነበረችም። ማንም ደካማ ነበረች አይበላት።

—

ጦሳ_ስር
ጥቅምት 12፣ 2018

እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንደዛ ማለቴ አልነበረም። ግን እንደዛ ነው የጻፍኩት። አላህ በሰላም ይመልስልዎት።

—

መምህርቷ_ከሐይቅ
ጥቅምት 12፣ 2018

እናቴ፣ የርስዎን ካነበብኩ በኋላ ማታ ሮስተሩን እንደገና ከፈትኩት። እስካሁን ያየሁት የጠፋውን ስም ብቻ ነበር። አሁን ከስሙ አጠገብ ያለውን የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ደረጃ ማየት ጀመርኩ። ከጠፉት መካከል ከክፍሉ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የነበሩ አሉ። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

ይህ ሒሳቡን ራሱ ይለውጠዋል። የሚወጣው ደካማው ብቻ ቢሆን የቀሩት አማካይ ከፍ ብሎ ያታልለናል። ጎበዟም ከወጣች አማካዩ ወደየት እንደሚያታልል አስቀድሜ ማወቅ አልችልም። ከተማው ላይ ምናልባት ደካማው ይወጣል፤ ገጠሩ ላይ ደግሞ ድሃው፣ ከትምህርት ቤት የራቀው፣ ሴቷ ትወጣለች። እንግዲህ ሁለቱ አማካዮች የተጣሩት በሁለት የተለያየ ወንፊት ነው። በአንድ ቲ ቴስት ላወዳድራቸው ነበር የተነሳሁት።

—

ሪሚዲያል_ያለፈ
ጥቅምት 13፣ 2018

ሰላም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። በ2015 ስፈተን 50 አልሞላልኝም። ሪሚዲያል ገብቼ አለፍኩ። ከእኔ የበለጠ ውጤት አምጥቶ በቀጥታ የገባ የሰፈሬ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ትቶ ወጣ። ስለዚህ የኔ ጥያቄ፤ ዋናው ጽናት አይደለም ወይ? ጽናት ያለው ይዘልቃል፣ የሌለው ይወድቃል። መምህርት ፈተናውን ትታ የልጆቹን ጽናት ብትለካ አይሻልም?

—

ቁጥር_ወዳድ
ጥቅምት 13፣ 2018

ወንድሜ፣ በርታ፤ ያንተ መንገድ ቀላል አይደለም።

ጥያቄህ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ ቋጥሯል። አንዱ ጽናት የሚባለው የሰው ጠባይ ነው። ሌላው መዝለቅ ነው፤ ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ወንበሩ ላይ አለ ወይስ የለም የሚለው። ጠባዩን በመጠይቅ መለካት እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ አንጄላ ዳክዎርዝና ባልደረቦቿ "ግሪት" ብለው ካወጡት በኋላ፣ በጣም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 እነ ክሬዴ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑት ግን ከውጤት ጋር ያለው ዝምድና መጠነኛ ሆኖ ተገኘ። የሚለካውም ነገር ትጉህነት ከሚባለው የቆየ የጠባይ መለኪያ ብዙም አይለይም።

መዝለቅ ላይ ስሙ በብዛት የሚጠቀሰው ቪንሰንት ቲንቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975። እሱ ያለው ባጭሩ፤ ተማሪ የሚቆየው ወይም የሚወጣው እሱና ተቋሙ በሚገናኙበት መንገድ ነው። በትምህርቱም በሰዉም ውስጥ ቦታ ካገኘ ይቆያል። የሰፈርህን ልጅ ያስወጣው ምን እንደሆነ ጠይቀኸው ታውቃለህ?

እናታችን ከኮምቦልቻ የነገሩንን አንብበው። ያቺ ልጅ ምን ጽናት ጎደላት? በሰው አገር ሰው ቤት ሠርታ ቤተሰብ የምታኖር ልጅ ናት። መጠይቅ ብናስሞላት ከሁላችን በላይ ነው የምታመጣው። መዝገቡ ላይ ግን "አቋረጠች" ነው የምትባለው። የልጅን መውጣት በልጁ ጠባይ ላይ ስንጽፍ መንገዱን፣ ጦርነቱን፣ የቤት ኪራዩን ሁሉ ነጻ እናወጣቸዋለን።

—

ሪሚዲያል_ያለፈ
ጥቅምት 13፣ 2018

አልጠየቅኩትም። አባቱ እንደሞተ ግን አውቃለሁ። እውነት ነው።

—

ርዕሰ_መምህር_ነበርኩ
ጥቅምት 14፣ 2018

መምህርት፣ የ12ኛን ፈተና ላላዩት ልጆች ምን ትጠቀሚያለሽ? የክፍል ውጤት ይሻል ይሆን?

—

ቁጥር_ወዳድ
ጥቅምት 14፣ 2018

ጋሼ፣ ለመዝለቅ ከሆነ የክፍል ውጤት ብዙ ይናገራል። ቺካጎ ላይ አለንስዎርዝና ክላርክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የወጡ ከ55 ሺህ በላይ ልጆችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱን አሳተሙ። ኮሌጅ ገብቶ የሚመረቀውን በመለየት የአራት ዓመቱ የክፍል ውጤት ከአንዱ ቀን ፈተና አምስት እጥፍ ያህል ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ አይከብድም። የክፍል ውጤት ውስጥ በየቀኑ መምጣት፣ የቤት ሥራ መሥራት፣ ወድቆ መነሳት ሁሉ አለበት።

—

ጦሳ_ስር
ጥቅምት 14፣ 2018

እዚህ ላይ ግን አልስማማም፤ በቀና ልብ ነው የምለው። ቺካጎ ሌላ፣ እኛ ሌላ። እኛ ጋ ትራንስክሪፕቱ 95 የሆነ ልጅ ማትሪክ ላይ 30 በመቶ ሲያመጣ አይተናል። መምህሩ ነጥቡን ይሰጣል፤ ወላጅ ይለምናል፤ ኩረጃም አለ። 3.3 በመቶ የወጣ ዓመት ያሳየን ይህን አይደለም? በአንድ አዳራሽ አንድ ፈተና ባይኖር ማንም እውነቱን አያውቅም ነበር።

—

መምህርቷ_ከሐይቅ
ጥቅምት 14፣ 2018

ወንድሜ፣ ይህ የተናገርከው ትክክል ነው። እኔም ነጥብ ሰጪ ነኝና አውቀዋለሁ። ተከታታይ ምዘናው ላይ ሁሉም ልጅ ሙሉ ወይም ወደ ሙሉ የቀረበ ነው የሚያገኘው። በዚህ ሳቢያ የአንዱ ትምህርት ቤት 90 ከሌላው 90 ጋር አይገናኝም። ሁለቱን ትምህርት ቤት በክፍል ነጥብ አላወዳድርም።

ግን ነጥብ ሲጋሽብ ብዙ ጊዜ ሁሉም አብሮ ነው የሚጋሸበው። ተራው አይጠፋም። የራሴን ክፍል አይቼዋለሁ። ሮስተሩ ላይ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያሉት፣ ነጥባቸው የተጋነነ ቢሆንም፣ በብሔራዊ ፈተናውም ከክፍሉ ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ የክፍል ደረጃን በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ እጠቀምበታለሁ። የወጡት ከላይ ናቸው፣ ከመሃል ናቸው፣ ከታች ናቸው? የሚለውን ለማየት። በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል ለማወዳደር ደግሞ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ። ሁሉም ልጅ 9ኛ ከመግባቱ በፊት የተፈተነው አንድ ፈተና ነው። ትምህርት ቤቱ ልጁን ሲቀበለው ልጁ የት ነበር የሚለውን ከዚያ አገኛለሁ። ደሴ ያለው ትምህርት ቤት መጀመሪያውኑ የተሻለ ልጅ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ መጨረሻ ላይ ያለው ብልጫ ሁሉ የእሱ ሥራ አይደለም።

—

ደረሳ_የነበረ
ጥቅምት 15፣ 2018

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የዘመናዊ ጥናት ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ነበርኩ፤ ቂርአት ላይ ነው ያደግሁት። አንድ ነገር ስላላያችሁ ልናገር።

ደረሳ አንድ ሼህ ጋ አይጨርስም። ፊቅህ (የሃይማኖቱን ሕግ) ለመቅራት አንዱ ጋ ይሄዳል፤ ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) ለመቅራት ሌላው ጋ ይወርዳል። ከአንዱ መርከዝ ወጥቶ ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዛል። ስንቁ ሰው ደጅ የለመነው ነው። የክርስቲያን ወንድሞቻችንም የቆሎ ተማሪ እንዲሁ ነው። ዜማውን አንድ ቦታ ተምሮ ለቅኔ ዋድላ ይወጣል። ዋድላ እዚሁ ወሎ ነው። የመጀመሪያው ሼህ ወይም የመጀመሪያው የኔታ መዝገብ ቢይዙ ኖሮ እኔ "ያቋረጠ" ነበርኩ። እኔ ግን አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ቦታ ነው የቀየርኩት።

እህቴ፣ ከሮስተርሽ የጠፋ ሁሉ የተወ አይምሰልሽ። አብሽሪ፤ ጠይቂ። በጦርነቱ ጊዜ ስንት ሰው ደሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ ገብቶ ቀርቷል። እዚያ ተምሮ ይሆናል።

—

ቁጥር_ወዳድ
ጥቅምት 15፣ 2018

ወንድሜ፣ ይህ እኔ ሳላስበው ያለፍኩት ትልቅ ነገር ነው። አላህ ይስጥልኝ።

የት እንደደረሰ ያልታወቀ ልጅ ሲኖር የሚደረገው ይኸው ነው፤ በአንድ ቁጥር አትዋሺ፤ ሁለት ዳር ስጪ። የቅድሙን ምሳሌ ልመልሰው። ከ100 ጀማሪ 10 አልፈዋል። 20 ልጅ የት እንደደረሰ አይታወቅም። አንዱም አላለፈም ብለሽ ብትገምቺ 10 በመቶ ነው። ሁሉም ሌላ ቦታ አልፈዋል ብትዪ 30 ነው። እውነቱ በመካከል ነው። የሁለቱ ትምህርት ቤት ዳርና ዳር ከተደራረበ "ማን እንደሚበልጥ ከዚህ መረጃ አይታወቅም" ብለሽ ትጽፊያለሽ። አማካሪሽ ቢቆጣም እውነቱ እሱ ነው። የማይታወቀው ልጅ ቁጥር በቀነሰ ቁጥር ዳሮቹ ይቀራረባሉ። ለዚህ ነው ስልክ መደወል ከማንኛውም ቀመር የሚበልጠው።

—

መምህርቷ_ከሐይቅ
ጥቅምት 18፣ 2018

ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አማካሪዬን አገኘሁት። ርዕሱ ተቀየረ። ውጤት ብቻ የነበረው "በ2014 የገቡት ልጆች የት ደረሱ?" ሆኗል። ትንሽ አቅማማ፤ ጊዜው ይበቃሻል ወይ አለኝ። የሁለቱን ወረቀት ፎቶ ሳሳየው ዝም አለ። ከዚያ ፈረመልኝ።

ሮስተሩን ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት፤ ስሙን አውጥቼ በኮድ ተካሁት። ለእያንዳንዱ ልጅ የ8ኛ ውጤቱን፣ የ9ኛ ደረጃውን፣ ጾታውን፣ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚወስደውን ሰዓት አስገባሁ። ይህኛውን ቀበሌ ያሉ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። መጨረሻ ላይ "ተፈተነ፣ ደገመ፣ መልቀቂያ ወስዶ ሄደ፣ ትምህርት ተወ፣ አልታወቀም" የሚሉ ምርጫዎች አሉ። "አቋረጠ" የሚለውን ቃል አወጣሁት።

እናቴ ከኮምቦልቻ፣ ለርስዎ ልጅ ዓይነት ልጆች ሌላ ዓምድ ጨምሬአለሁ። "ለምን?" ይላል። መልሱን የምጽፈው ቤተሰቡ በነገረኝ ቃል ነው።

ስልክ መደወል ጀምሬአለሁ። ግማሹ ቁጥር አይሠራም። የሚነሳውን ስደውል ብዙ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከትምህርት ቤት ነው ስል ልጁ ጥፋት ያደረገ ይመስለዋል። አይደለም፣ ደኅና መሆኑን ልጠይቅ ነው እላለሁ። ከዚያ ማውራት ይጀምራሉ። አንዷ እናት ግማሽ ሰዓት አወራችኝ።

ሌላ ትምህርት ቤት የ2014 የ9ኛ ሮስተር የተረፈላችሁ መምህራን ካላችሁ ጻፉልኝ። ስም አልፈልግም።

—

ከኩታበር
ጥቅምት 18፣ 2018

ሰላም መምህርት። ሳነብ ከረምኩ። የኛ ተርፏል፤ ጥበቃው ያኔ ቤቱ ወስዶ በጆንያ ደብቆት ነበር። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ቅዳሜ ደሴ ይዤልሽ እመጣለሁ። ፒያሳ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይመችሻል?

—

መምህርቷ_ከሐይቅ
ጥቅምት 18፣ 2018

ይመቸኛል። ለጥበቃው እጅ ነሺልኝ። ስልኩን ካለሽ ደግሞ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ራሴ ላመሰግነው እፈልጋለሁ።

—

ጦሳ_ስር
ጥቅምት 18፣ 2018

ፒያሳ ነው የምሠራው። ስካነር አለኝ። ጆንያ የገባ ወረቀት በእጅ ብዙ ከተገለበጠ ይቀደዳል። ይዛችሁት ኑ፣ በነጻ ስካን አደርግላችኋለሁ። ስልክ መደወሉንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አግዛችኋለሁ።